ትልቁ ካርቶን ሁልጊዜ ትልቁ ስጦታ አይደለም፦ ውድ የሌጎ ስብስብ ለበዓል ከመግዛታችሁ በፊት

 

በዓል ሲቃረብ ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። «ዶክተር፣ ለልጄ ምን መጫወቻ ልግዛለት?» ውጭ ያላችሁ ደግሞ ከሱቅ ውስጥ ሆናችሁ የሌጎ ካርቶን ፎቶ ታነሱና «አገር ቤት ላለው ለእህቴ ልጅ ነው፤ ይሄኛው 500 ፍሬ ነው፣ ያኛው 4 ሺህ ነው፤ ትልቁን ልውሰድለት?» ትሉኛላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው። ረዘም ይላል፤ ግን ቡናችሁን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። በተለይ ታችኛው ላይ ያለውን የመጀመሪያ እርዳታ ክፍል እንዳትዘሉት።

መጀመሪያ ግን የራሴን ቤት ታሪክ ልንገራችሁ። ቤተሰቦቼ ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው።

🔹 የእኛ ቤት ገና

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ቨርጂኒያ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ አገር ቤት ከመጣ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። ለታላቅ እህታችን የ8 ዓመት ልጅ ሰው ሲመጣ አንድ ትልቅ የሚገጣጠም መጫወቻ ላከለት። በሺዎች የሚቆጠር ፍሬ ያለው፣ ካርቶኑ ላይ 18+ የተጻፈበት። ወንድሜ ማታ ማታ እየሠራ ባጠራቀመው ገንዘብ ነው የገዛው። «ትልቁን ነው ያልኩት፤ አጎቱ እንዳልረሳው ይወቅ» አለኝ በስልክ።

የበዓሉ ዕለት ሳሎን ውስጥ ቄጠማው ላይ ተከፈተ። ከረጢቶቹ ሁሉ በአንዴ ተቀደዱ። ልጁ ደስታውን አልቻለም፤ እኛም ፎቶ አነሳን፣ ቪዲዮ ኮል አደረግን፣ ወንድሜም አየና ደስ አለው። ከዚያ ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ቀረበ።

የልጁ ታናሽ እህት ያኔ 1 ዓመት ከ8 ወሯ ነበር። ቄጠማው ላይ እየተንከላወሰች ሳለ ድንገት ሳል ያዛት። ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንድ ደቂቃ እንኳን አልቆየም፤ አለፈላት። «ትን ብሏት ነው፣ ፈንዲሻ ይሆናል» ተባለ፣ ውሃ ተሰጣት፣ በቃ። ጨዋታው ቀጠለ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ እህቴ ደወለች። «ልጅቷ ታስላለች።» ምን አልኩ? «ጉንፋን ነው፣ የሰሞኑ ብርድ ነው፣ አይዞሽ።» ሳሉ ቀጠለ። ሽሮፕ ተሰጣት። ከሳምንት በኋላ ትኩሳት መጣና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተጀመረላት፤ ትንሽ ተሻላት፣ ተመለሰባት። ራጅ ተነሣች፤ «ንጹህ ነው» ተባለ። ደረቷ ሲር ሲር ይል ስለነበር «አስም ይሆን?» ተባለ።

በሦስተኛው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ ደረቷን በማዳመጫ ሳዳምጥ በቀኝ በኩል የሚገባው አየር ከግራው ያነሰ ነበር። እጄ ቀዘቀዘ። «ይህ ሳል መቼ ነው የጀመራት?» ስል እናቴ ከማዕድ ቤት ሆና «እንዴ! ያኔ በገናው ቡና ላይ ትን ካላት ጀምሮ ነዋ» አለች። እዚያው ተቀምጬ አይቼው የነበረውን ነገር ለሦስት ሳምንት አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ሆስፒታል ገባች። በማደንዘዣ ተኝታ፣ ብሮንኮስኮፒ በሚባል ቱቦ በአየር ቧንቧዋ ተገብቶ፣ ከቀኝ ሳንባዋ መግቢያ ላይ ከባቄላ ያነሰች ሰማያዊ የፕላስቲክ ቁራጭ ወጣች። ፈንዲሻ አልነበረም።

ልጅቷ ዛሬ ደህና ናት፣ ተመስገን። ወንድሜ ግን ሲነገረው ስልኩ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ ነኝ የላክሁባት» አለ። አይደለም። ካርቶኑ ላይ ማስጠንቀቂያው በግልጽ ተጽፏል። ያላነበብነው እዚህ ያለነው ነን፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሐኪም የተባልኩት እኔ።

ስለዚህ የዛሬው ትምህርት «ሌጎ አትግዙ» አይደለም። እንዴት እንምረጥ፣ እንዴት እንክፈት፣ አደጋ ቢደርስ ምን እናድርግ የሚል ነው።

🔹 በመጀመሪያ፦ ጡቦቹ ጥሩ መጫወቻ ናቸው

ሌጎ ከዴንማርክ ነው የመጣው። ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የተባለ አናጢ በ1932 የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። ስሙም በዴንማርክኛ «በደንብ ተጫወት» ከሚሉ ሁለት ቃላት ተቆራርጦ የተገጣጠመ ነው። ዛሬ የምናውቀው የፕላስቲክ ጡብ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በ1958 ሲሆን፣ ያኔ የተሠራ ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል። ስምንት ስምንት ጉብታ ያላቸውን ስድስት ጡቦች ብቻ ብትሰጡት፣ ልጁ ሊገጣጥም የሚችልባቸው መንገዶች ከ915 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ስድስት ጡብ ብቻ! ይህን ቁጥር ያዙት፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ለልጅ እድገት የሚሰጠው ጥቅም እውነተኛ ነው። ጣቶቹ ይጠነክራሉ፤ ኋላ እርሳስ ለመያዝ፣ ቁልፍ ለመቆለፍ ይረዳዋል። ሲፈርስበት መልሶ መሥራትን ይለምዳል። «ከላይ፣ ከታች፣ ከኋላ፣ ይበልጣል፣ ያንሳል» የሚሉትን ቃላት በእጁ ይማራል። በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት ተኩል ላሉ ልጆች ጡብ መጫወቻ ሲሰጥ ካልተሰጣቸው የተሻለ የቋንቋ ውጤት እንዳሳዩ ጽፏል። እዚህ ላይ ሐቁን ልንገራችሁ፦ ጥናቱን በገንዘብ የደገፈው መጫወቻ አምራች ድርጅት ነበር፣ የተሳተፉት ልጆችም 175 ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ጡብ ግዙ፣ ልጃችሁ ሊቅ ይሆናል» ብሎ የሚነግራችሁን ሰው አትመኑ። አባትና እናት ወለል ላይ ቁጭ ብለው አብረው ሲጫወቱ፣ ሲያወሩ ነው ቋንቋ የሚያድገው። ጡቡ ሰበብ ነው።

🔹 ካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ሁለቱንም አንብቡ

አንደኛው ዕድሜ ነው። ብዙ ሰው ይህንን ቁጥር እንደ ጉብዝና መለኪያ ያየዋል። «የኔ ልጅ ፈጣን ነው፣ 4 ዓመቱ ነው ግን የ8 ዓመቱን ይችላል» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ 8+ የሚለው በአብዛኛው የክብደት ጉዳይ ነው። ነገር ግን 3+ የሚለው እና በክብ ውስጥ የሕፃን ፊት ተስሎ፣ 0-3 ተጽፎበት በቀይ መስመር የተሰረዘው ምልክት የጉብዝና ጉዳይ አይደለም። የጉሮሮ ስፋት ጉዳይ ነው። የ2 ዓመት ልጅ የፈለገውን ያህል ብልህ ቢሆን የአየር ቧንቧው የ2 ዓመት ልጅ የአየር ቧንቧ ነው፤ ስፋቱ ከራሱ ትንሿ ጣት ብዙ አይበልጥም።

መጫወቻ ሲመረመር 3.17 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አጭር ቱቦ ይጠቀማሉ። ዕቃው ሳይጨመቅ ቱቦው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከገባ፣ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። እናንተ ቤት ውስጥ ያለቀ የሶፍት (የመጸዳጃ ቤት ወረቀት) ካርቶን ቱቦ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ትንሽ ሰፋ ስለሚል እንዲያውም ይሻላል። በዚያ ቱቦ ያለፈ ነገር ሁሉ ከሕፃን እጅ ይራቅ።

ሁለተኛው ቁጥር የፍሬ ብዛት ነው። ገንዘባችሁን የሚበላው ይህኛው ነው። ለምሳሌ የሌጎው ኤፍል ታወር 10,001 ፍሬ አለው፤ ሲያልቅ ቁመቱ 149 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ማለትም ከብዙ የ10 ዓመት ልጆች ይበልጣል። ታይታኒክ መርከቡ 9,090 ፍሬ ነው። በ2017 የወጣው ትልቁ የስታር ዋርስ የጠፈር መርከብ 7,541 ፍሬ ሲሆን ያኔ ዋጋው 800 ዶላር ገደማ ነበር። ቆንጆዎች ናቸው፣ አልክድም። ግን ለማን እንደተሠሩ ካርቶኑ ራሱ ይናገራል፦ ለአዋቂ። ከሥራ በኋላ አእምሮውን ማሳረፍ ለሚፈልግ ትልቅ ሰው።

🔹 ልጅ ለምን ትልቁን አይጨርሰውም?

የ8 ዓመት ልጅ ፊት 7 ሺህ ፍሬ ብትደፉለት ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ሰዓት ደስታ ነው። ሁለተኛው ሰዓት «አባዬ፣ ይህቺን አጣኋት» ነው። ሦስተኛው ሰዓት ለቅሶ ነው። ከዚያ አባት ይረከበዋል። አባት ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ይሠራዋል፤ ሲያልቅ ቡፌ ላይ ከብርጭቆዎቹ ጎን ይቀመጥና ልጁ «እንዳትነካ! ስንት ብር እንደወጣበት ታውቃለህ?» ይባላል። ስጦታው የማን ሆነ ታዲያ?

ይህን የምለው ከራሴ ግምት ብቻ ተነሥቼ አይደለም። በ2018 የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 36 ታዳጊ ሕፃናትን ወስደው አንድ ጊዜ 4 መጫወቻ፣ ሌላ ጊዜ 16 መጫወቻ ባለበት ክፍል አስገቧቸው። 4 ብቻ በነበረበት ጊዜ ልጆቹ በአንዱ መጫወቻ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቆዩ፣ በብዙ ዓይነት መንገድም ተጫወቱበት። 16 ሲሆን ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘሉ ነበር። እነዚህ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ ለ8 ዓመት ልጅ እንዳለ አይሠራም። ግን እኛ በየቤታችን የምናየው ነገር ነው።

ሌላው ጉዳይ፣ ትልልቆቹ ስብስቦች በአብዛኛው አንድ መልስ ብቻ ያላቸው ናቸው። መመሪያውን ትከተላላችሁ፣ መርከቡ ያልቃል። መመሪያ መከተልም ትምህርት ነው፤ ትዕግሥት ያስተምራል። ነገር ግን በስድስት ጡብ 915 ሚሊዮን መንገድ ያለውን ጨዋታ በ7 ሺህ ፍሬ አንድ መንገድ ብቻ እንዲኖረው አደረግነው ማለት ነው።

🔹 ታዲያ ምን እንግዛ?

👉 ከ1 ዓመት ተኩል በታች፦ ምንም ዓይነት የሚገጣጠም ትንሽ ነገር አይሆንም። ለስላሳ ትልልቅ ኩብ፣ የሚደራረብ የፕላስቲክ ኩባያ ይበቃል። ከጓዳችሁ ያለው ሳህንና ማንኪያም ይሠራል፣ አትሳቁ!

👉 ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 3 ዓመት ያለፈው፦ ዱፕሎ የሚባለው ትልቁ ጡብ። በ1969 የመጣ ነው። በርዝመት፣ በወርድም በቁመትም የተራው ጡብ እጥፍ ነው፤ ስለዚህ በይዘት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከትንሹ ጡብ ጋር ስለሚገጥም ልጁ ሲያድግ አይጣልም። ለዚህ ዕድሜ 30 ወይም 40 ፍሬ በቂ ነው። የ1 ዓመት ተኩል ልጅ 3 ወይም 4 ኩብ፣ የ2 ዓመት ልጅ 6 ያህል፣ የ3 ዓመት ልጅ 9 ያህል ይደራርባል፤ እድገቱንም በዚያው ታዩበታላችሁ።

👉 ከ4 እስከ 7 ዓመት፦ ያለ አንድ የተወሰነ ሞዴል፣ ልዩ ልዩ ቀለምና ቅርጽ ያለው የጡብ ሳጥን። በ800 ፍሬ አካባቢ ያለው ሳጥን የትልቁን መርከብ ዋጋ አንድ አሥረኛ እንኳን አያወጣም፤ ለዓመታት ግን ይጫወቱበታል።

👉 ከ8 ዓመት በላይ፦ ልጁ የሚወደውን ነገር ጠይቃችሁ፣ በዕድሜው ከ300 እስከ 1,000 ፍሬ ያለው ስብስብ። በሁለት ወይም ሦስት ቅዳሜ የሚያልቅ ቢሆን ጥሩ ነው። ጨረስኩት የሚለው ስሜት ትልቅ ነገር ነው፤ አትንፈጉት።

👉 18+ የተጻፈበትን መግዛት ከፈለጋችሁ ለራሳችሁ ግዙ። ከልብ ነው የምለው። ማታ ስልክ ከመጎርጎር ይሻላል። ግን «ለልጄ ነው» አትበሉ።

👉 አቅም ካልፈቀደስ? ሰፈራችሁ ካለ አናጢ ከተረፈ እንጨት 5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 20 ኩቦች ማስቆረጥ ይቻላል። በሚገባ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ ቀለም አይቀባ። እኛ በጭቃና በሽቦ ስንት መኪና ሠርተን አድገን የለ? የልጅ አእምሮ ዋጋ አያነብም።

🔹 ቤት ውስጥ ሌላ ሕፃን ካለ

የእኛን ቤት ስሕተት አስታውሱ። ስጦታው ለ8 ዓመቱ ልጅ ነበር፤ የተጎዳችው ግን እህቱ ናት። ስለዚህ ስጦታ ስትገዙ «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» ብቻ አትበሉ። «ቤት ውስጥ ትንሹ ሰው ስንት ዓመቱ ነው?» በሉ። ጎረቤትም፣ በዓል ሊጠይቅ የሚመጣ ዘመድ ልጅም ይቆጠራል።

1. ቄጠማ በተጎዘጎዘበት፣ ምንጣፍ ላይ ወይም እንግዳ በሞላበት ሳሎን አትክፈቱ። ጠረጴዛ ላይ፣ ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ ወይም አሮጌ አንሶላ ዘርግታችሁ ክፈቱ። አንሶላው ሲያልቅ በአራት ማዕዘኑ ይጠቀለልና ፍሬው ሁሉ አብሮ ይሰበሰባል።
2. ከረጢቶቹ ቁጥር አላቸው። 1 ቁጥር ሳያልቅ 2 ቁጥር አይቀደድ። ይህ ለትዕግሥትም ለደህንነትም ነው።
3. የጨዋታው ሰዓት ሕፃኑ በሚተኛበት ጊዜ ወይም በር በሚዘጋ ክፍል ይሁን።
4. ሲያልቅ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ገብቶ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ከዚያ ተንበርክካችሁ በሕፃን ዓይን ከፍታ ወለሉን እዩ። በስልካችሁ መብራት ከሶፋ ሥር ተመልከቱ።
5. ትልቁን ልጅ ጠባቂ አድርጉት። «እህትህ እንዳትነካብህ» ሳይሆን «እህትህን ጠብቃት» በሉት። ልዩነቱን ይረዳል።

ስለ ፈንዲሻም ልጨምር። የእኛዋ ልጅ ቁራጭ ነው የዋጠችው፤ ግን ፈንዲሻ፣ ኦቾሎኒና ቆሎም ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ተመሳሳይ አደጋ አላቸው። የበዓል ቡና ላይ ይህንን አትርሱ።

🔹 አስመስለው የተሠሩና ያገለገሉ

ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጥ፣ ስሙ የማይታወቅ ጡብ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ዕድሜ ያልተጻፈበት፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ የሌለበት፣ ሲከፈት ኃይለኛ ሽታ ያለው፣ በጥፍር ሲቧጠጥ ቀለሙ የሚላቀቅ፣ ጠርዙ ስለታም ከሆነ ይቅርባችሁ።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ ያገለገለ ስትገዙ በጣም አሮጌ የሆኑትን፣ በተለይ የ1970ዎቹንና የ80ዎቹን ቀይና ቢጫ ጡቦች ወደ አፍ ለሚወስድ ልጅ አትስጡ። በ2018 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በዚያ ዘመን በተሠሩ አንዳንድ የፕላስቲክ መጫወቻዎች ላይ እንደ ካድሚየም ያሉ ጎጂ ነገሮችን አግኝቷል። የቅርብ ጊዜውን ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ አጥባችሁ መስጠት ትችላላችሁ። አትቀቅሉት፣ ይጣመማል።

ሁለት ነገሮችን ግን በጥብቅ እለምናችኋለሁ፦ ማግኔትና የሰዓት ባትሪ (ክብና ጠፍጣፋው)። መብራት ወይም ድምፅ ያለው መጫወቻ የባትሪ ክዳኑ በብሎን የሚጠብቅ መሆን አለበት። በጣት የሚከፈት ከሆነ አትግዙት።

🔹 ልጁ ዋጠ፦ ምን ላድርግ?

እዚህ ላይ ሁለት ቧንቧዎችን እንለይ። በምግብ ቧንቧ ወደ ሆድ የወረደና በአየር ቧንቧ ወደ ሳንባ የገባ በፍጹም አንድ አይደሉም።

ወደ ሆድ ከወረደ፦ ትንሽና ለስላሳ ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በሰገራ ይወጣል። እንዲያውም በ2018 ስድስት የሕፃናት ጤና ባለሙያዎች ራሳቸው የሌጎ ሰውዬ ጭንቅላት ዋጡና መቼ እንደሚወጣ ተከታተሉ፤ በአማካይ በ1.71 ቀን ወጣ። አንደኛው ግን ለሁለት ሳምንት ቢፈልግም አላገኘውም 😄። እነሱ አዋቂዎች ናቸው፣ እናንተ እንዳትሞክሩት! ለማስታወክ ጣት አታስገቡ፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አትስጡ። ልጁ ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ሆዱን ካመመው፣ ደም ካያችሁ ወይም ትኩሳት ከመጣ ወዲያውኑ ጤና ተቋም። ስለታም ነገር ከሆነም እንደዚያው።

ማግኔት ከሆነ፦ ምንም ምልክት ባይኖርም ወዲያው ሂዱ። ሁለት ማግኔቶች በአንጀት ግድግዳ በኩል ይሳሳቡና መሐል ያለውን ሥጋ ይበሱታል።

የሰዓት ባትሪ ከሆነ፦ ደቂቃ አትጠብቁ። በምግብ ቧንቧ ላይ ከተጣበቀ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል። ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለና ከዋጠው 12 ሰዓት ካላለፈ፣ እየሄዳችሁ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር በየ10 ደቂቃው እስከ ስድስት ጊዜ መስጠት ጉዳቱን ይቀንሳል። ማሩን ፍለጋ ግን አትዘግዩ። ከ1 ዓመት በታች ማር ክልክል ነው። ሌላ ምግብም ውሃም አትስጡ።

አፍንጫ ውስጥ ከከተተ፦ በጥጥ ወይም በወረንጦ አትቆፍሩ፤ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ከአንድ አፍንጫ ብቻ የሚወጣ መጥፎ ሽታ ያለው ንፍጥ ካያችሁ የተረሳ ነገር እንዳለ ጠርጥሩ።

ወደ አየር ቧንቧ ከገባ፦

👉 ልጁ በኃይል እያሳለ ከሆነ፣ ድምፅ ካለውና ካለቀሰ፦ ይሳል። ሳሉ ከእናንተ እጅ የበለጠ ኃይል አለው። ጀርባውን አትምቱ፣ ውሃም አታጠጡ፤ አጠገቡ ሁኑ።

👉 ማሳል፣ ማልቀስ፣ መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፦
• ከ1 ዓመት በታች፦ በክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኙት፤ ጭንቅላቱ ዝቅ ይበል። በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል በመዳፋችሁ ታችኛ ክፍል 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ ገልብጡትና የደረቱን መሐል አጥንት 5 ጊዜ ግፉ። ሆዱን አትጫኑ። እስኪወጣ ደጋግሙ።
• ከ1 ዓመት በላይ፦ ጎንበስ አድርጋችሁ ጀርባውን 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ ከኋላው ተንበርክካችሁ ጭብጣችሁን ከእምብርቱ በላይ፣ ከደረት አጥንቱ በታች አድርጋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ። ደጋግሙ።
• የማይታያችሁን ነገር በጣት አትፈልጉ።
• ራሱን ከሳተ፦ ደልደል ያለ ነገር ላይ በጀርባው አስተኙት፣ ሰው ይደውል፣ እናንተ 30 ጊዜ ደረቱን ተጭናችሁ 2 ጊዜ ትንፋሽ ስጡ። ትንፋሽ ከመስጠታችሁ በፊት አፉን እዩ፤ ከታያችሁ ብቻ አውጡ።

ስልክ፦ አዲስ አበባ 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) ወይም 939። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

🔹 ዋናው ቁም ነገር፦ «አለፈለት» ብላችሁ አትተዉት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ከወሰዳችሁ ይህንን ውሰዱ። ልጅ እየተጫወተ ወይም እየበላ ድንገት ትን ብሎት በኃይል አስሎ፣ ከዚያ ደህና ቢመስልም፣ ነገሩ ወጥቷል ማለት አይደለም። ወደ ሳንባ ወርዶ ጸጥ ብሎ ሊሆን ይችላል። ከቀናት በኋላ የማይለቅ ሳል፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ ተሻለ ሲባል የሚመለስ የሳንባ ምች ይሆናል።

ፕላስቲክ ደግሞ በአብዛኛው በራጅ አይታይም። ስለዚህ «ራጁ ንጹህ ነው» ማለት «ምንም የለም» ማለት አይደለም። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ያስለዋል» ብቻ አትበሉ። «እንዲህ በሚባል ቀን ሲጫወት ትን ብሎት ነበር» በሉ። ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር የእኛን ሦስት ሳምንት ታሳጥር ነበር። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁም እናንተ ንገሩት። እኔ አልጠየቅኩም ነበር።

🔹 ለወንድሜና እንደሱ ላሉት

ውጭ ሆናችሁ የምትልኩትን ስጦታ እንዴት እንደምታስቡት አውቃለሁ። ካርቶኑ ትልቅ ሲሆን ያልመጣችሁባቸውን ዓመታት የሚሞላ ይመስላችኋል። ልጁ ግን እንደዚያ አይቆጥርም።

ያ ትልቁ ስብስብ አሁንም እህቴ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ነው። ወንድሜ ያለፈው ዓመት በአካል ሲመጣ አወረደውና ከእህታችን ልጅ ጋር፣ በር ዘግተው፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ከረጢት በከረጢት ጀመሩት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ ገና ሲሶው አልተሠራም ነበር። ልጁን «ቀሪውን ለምን አትጨርሰውም?» ስለው «አጎቴ ሲመጣ ነው» አለኝ። በየእሑዱም በቪዲዮ እየተያዩ ወንድሜ እዚያ፣ እሱ እዚህ ሆነው በትንሿ ሳጥን ጡብ «ዛሬ ምን እንሥራ?» ይባባላሉ። ያቺ ሳጥን ከትልቁ በጣም ትረክሳለች።

ልጅቷም አድጋለች፤ አሁን ከእነሱ ጋር ትሠራለች። ከጠረጴዛ ላይ አንድ ፍሬ ሲወድቅ መጀመሪያ የምታነሣው እሷ ናት።

ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፣ በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ። ይህ ጽሑፍ ትምህርት ለመስጠት እንጂ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ለበዓል ሻንጣ እያዘጋጀ ላለ ዘመዳችሁና ትንሽ ልጅ ላለው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።

መልካም በዓል!